እህል ቅመሱ፦ ሐዘንና ሥጋ በላስታ ምድር

በላስታ ደጋ ሰው ሞቶ ሥርዐተ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ሐዘንተኛውን ወደ ቤቱ ሲመልስ፣ ከቃል ማጽናናት አስቀድሞ የሚያስበው ማብላትን ነበር፤ ዛሬም በብዙ መንደር እንዲሁ ነው። በሟች ቤት ለጥቂት ቀን ምድጃ የሚነካ ሰው የለምና ጎረቤት ሁሉ ከየጓዳው እንጀራውንና ወጡን፣ ቆሎውንና ጠላውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ይህም ምግብ እዝን ይባላል። ሐዘንተኛው ግን ቶሎ የጎረሰ እንደ ሆነ ሟቹን እንዳልወደደ ይቆጠርበታልና፣ ቢርበውም እጁን በጋቢው ውስጥ ሰብስቦ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ወይም የንስሐ አባቱ፣ ከአጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጉርሻውን ወደ አፉ እያቀረበ «የሞተ ተጎዳ፤ አንተ እህል ቅመስ» ይለዋል፤ ሐዘንተኛዋ ሴት እንደ ሆነች «እህል ቅመሽ እናቴ፣ ስለ ልጆችሽ ብለሽ» ይሏታል፤ እምቢ ብትል «በሞቴ» ይከተላል። የመጀመሪያው ጉርሻ በልመናና በመሐላ ከወረደ ወዲያ ሁለተኛው ይቀላል።

ይህን ልማድ ያወጡት ሰዎች፣ ማን እንደ ነበሩ ባይጻፍም፣ አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ይኸውም ሐዘን በነፍስ ገብቶ በሥጋ ላይ እንደሚሠለጥን፣ ሥጋም ከተጎዳ በኋላ ተመልሶ ነፍስን እንደሚያጨልም ነው። የዘመናችን ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ደዌ፣ የሰውነት ክብደትና በጭንቅ ጊዜ በደም ውስጥ የሚፈሰው ቅመም (ሆርሞን የሚሉት) እንዴት እንደ ተሳሰሩ በላብራቶሪ መርምረው ለመናገር የበቁት ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ነው፤ የላስታ ሽማግሌ ግን ከዚያ አስቀድሞ በጉርሻ መልስ ሰጥቶበት ነበር። መልሱ ግማሽ እንደ ነበረ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ኤውሮፓዊው ስሜቱን ይበልጡን በልቡ ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ አማርኛ ተናጋሪው ከልቡ ያላነሰ ሥልጣን ለሆዱ ሰጥቶታል፤ ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፣ የፈራ ሰው ሆዱ ይርዳል፣ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ርኅሩኁ ሆደ ቡቡ፣ በትንሽ ነገር የሚያዝነው ሆደ ባሻ ይባላል፤ የማይነገር ምሥጢርም ቢሆን «ሆድ ይፍጀው» ይባልለታል። የሚከሳውን ሰው «ሐሳብ በላው» ማለታችን ደግሞ፣ ሐሳብ እንደ ነቀዝ ሥጋን የሚመገብ ነገር መሆኑን ቀድሞ ያየ ሰው አነጋገር ነው። ድፍረቱ ያለቀ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል፤ የጥንት ግሪኮች ደግሞ የድብርትን ደዌ ከጥቁር ሐሞት መብዛት የመጣ ነው ብለው በዚሁ ስም ጠርተውታል። እንግዲህ አንዱ ሐሞት በመብዛቱ፣ ሌላው ሐሞት በመፍሰሱ ምክንያት ሰው ታመመ ብለው ቢለያዩም፣ ሁለቱም የኀዘንን መነሻ ከሆድ ዕቃ ውስጥ መፈለጋቸው አንድ ያደርጋቸዋል።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ የኩላሊት ነገር ነው። የላስታ ሕፃን ፊደል ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት መድገም ሲጀምር፣ እግዚአብሔር የሰውን ልብና ኩልያት የሚመረምር አምላክ መሆኑን በንባቡ ያገኛል፤ መምህሩም ኩልያት ማለት ኩላሊት እንደ ሆነና የተሰወረው የሰው ፈቃድ በዚያ እንደሚያድር ይተረጉምለታል። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በጫኑበት በዚያው የኤውሮፓውያን ዓመት፣ ቶማስ አዲሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ፣ በኩላሊት ራስ ላይ እንደ ቆብ የተደፉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ሲበላሹ ሰውየው እንደሚከሳ፣ እንደሚጠቁር፣ እንደሚዝልና መንፈሱ እንደሚወድቅ ገለጠ። መዝሙረኛው የዕጢ ትምህርት ያውቅ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንደዚህ ያለው ጨዋታ ለስብከት እንጂ ለታሪክ አይበጅም። ነገር ግን በዳዊት ንባብ ያደገ ሰው የአዲሰንን ነገር ቢሰማ እንደ እንግዳ ነገር አይቆጥረውም ነበር።

ላስታ ለዚህ ዕውቀት ትምህርት ቤት ልትሆን የበቃችው በተፈጥሮዋ ነው። የላሊበላ ከተማ ራሷ፣ ጥንት ሮሐ የተባለችው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል፤ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምድሩ እየተሰበረ እስከ ተከዜ በረሃ ይወርዳል። ደጋው ገብስና ባቄላ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ቆላው ማሽላ ያበቅላል፤ ብዙው የደጋ ሰው በበልግ ዝናብ ተስፋ አድርጎ የሚያርስ ነውና፣ በልግ የቀረች እንደ ሆነ የመኸሩ እህል እስኪደርስ ድረስ በባዶ ጎተራ ይጠብቃል። ቅዱስ ላሊበላ በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በዐሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ሲያሳንጽ፣ የድንጋዩ ብዛት ለሕንጻ በረከት ሆነ፤ ለእርሻ ግን ያው ድንጋይ ነው።

በዚህ ምድር ላይ ሰው በፈቃዱም ይራባል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ለምእመናን በዓመት 180 ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 የሚደርሱ የጾም ቀናት መድቧል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ የላስታ ካህን እህል የሚቀምሰው ከተሲዓት በኋላ ቅዳሴው ሲወጣ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚሰግደውን ስግደትም የሚቈጥር ይቍጠረው። ታዲያ ይህ ሁሉ መክሳት ስለ ምን ድብርት አይሆንም ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የጥንቶቹ መነኮሳት ለዚህ መልስ ነበራቸው። በገዳማችን የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ለነፍስ የሚጠቅመውን ስለ ኃጢአት ማዘን ተስፋ ከሚያስቈርጠው ሐዘን ለይተው ያስተምራሉ። የግብጽ በረሃ አባቶችም ባሕታዊውን በእኩለ ቀን እየመጣ ሥራውን የሚያስጠላውን፣ በዓቱን እንደ እስር ቤት የሚያሳየውን፣ የሚያዝለውንና የሚያስተኛውን የስልቹነት መንፈስ፣ በዳዊት ውስጥ ከሚገኘው ከጋኔነ ቀትር ጋር አንድ አድርገው ቈጠሩት። በሀገራችን ገጠር እስከ ዛሬ ሰው በቀትር ወንዝ መውረድን መፍራቱን፣ እናቶችም ልጆቻቸውን በቀትር ከምንጭ አጠገብ ማስጠንቀቃቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የመነኮሳት ትምህርት ከሕዝቡ ልማድ የራቀ አይመስለውም። ጾም በቀን የተወሰነ፣ ከማኅበር ጋር የሚጾም፣ በፋሲካ ዶሮ የሚፈታ ነው፤ ክሳቱም ሲጀመር ፍጻሜው ታውቆ ነው። የድብርት ክሳት ግን ፋሲካ የለውም።

ከዚህ የተነሣ በላስታ የሰው ደኅንነት በሥጋው ይነበብ ነበር። ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ዘመድ «ወፍረህ የለም እንዴ!» ሲባል ይደሰት ነበር፤ «ከሳህሳ፣ ምን ሆነህ ነው?» ሲባል ግን የቤቱን ችግር ሁሉ እንደ ተነበበበት ይሰማው ነበር። ሐዘንተኛ ራሱን ተላጭቶ፣ ከል ለብሶ፣ በመሬት ላይ ተኝቶ፣ ፊቱን ነጭቶ፣ ለዓመት የሚያህል ጊዜ ውፍረትን እንደ ነውር ይሸሽ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ብታወግዝም፣ በሙሾና በአልቃሽ ፊት ቃሏ ሁልጊዜ አልተሰማም። የ40 ቀን ተዝካር የሚወጣው፣ ለሟች ነፍስ ከሚሰጠው ጸሎት ሌላ፣ ሐዘንተኛውን ወደ ማዕድና ወደ ሰው መሐል ለመመለስም ነው ብል የሚያሳፍረኝ አይመስለኝም። በ40፣ በ80፣ በሙት ዓመት እየተባለ የሚሰናዳው ድግስ ድኻውን ባለ ዕዳ እያደረገ ብዙ አስወቅሷል፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በሐዘኑ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሀገሩ በቍጥር ወስኖለት ነበር፤ ዛሬ ያን ቍጥር የሚነግረው የለም።

ይህ ሁሉ ሥርዐት የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር፤ እርሱም ሐዘን የደረሰበት ቤት አንድ ሲሆን እህል ያለው ጎረቤት ብዙ ነው የሚለው ነው። ምሰሶው የወደቀባቸው ዘመናት አሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው ክፉ ቀን፣ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ሲጨርስ፣ ዝናብም ተለይቶ አንበጣም ሲወርድ፣ የሀገሩን ሰው ሲሶውን ያህል ጨረሰው ተብሎ ይገመታል። በ1958 ዓ.ም. ረኃቡ በተለይ በዋግና በላስታ ላይ ወደቀ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩን ረኃብ ባጠኑበት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ ሰው በሚሞትበት ጊዜ ደብዳቤው ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር በወራት ጉዞ ይንከራተት ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ የወሎ ገበሬ ከደጋ እየወረደ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰለፈ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ያሳየው ፊልም ሥዕሉን ለዓለም አደረሰ፣ በሀገር ውስጥም ለዘውዱ መውደቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ቀረ፤ በድርቁ ላይ ጦርነት ተጨመረበት፤ የእህል ገበያ መንገድ ተዘጋ። ከላስታ፣ ከዋግና ከራያ የተሰደደው ሕዝብ በቆረም ሜዳ ሲሰበሰብ፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በጥቅምት 1977 ያስተላለፈው ዜና የዓለምን ሕዝብ አስለቀሰ። የሟቾቹን ብዛት ከ400,000 እስከ 1,000,000 የሚያደርሱ ግምቶች አሉ። መንግሥትም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው አንሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር አሰፈረ፤ የብርድ ሀገር ሰው ወደ ወባ ሀገር ወረደ፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በየፊናቸው ተለያዩ።

በዚያ ዓመት የእዝን ሥርዐት ፈረሰ። ሁሉ ሐዘንተኛ በሆነበት መንደር ለማን ማን እህል ይዞ ይሂድ? «እህል ቅመስ» የሚለው ቃል፣ ለዘመናት የርኅራኄ ቃል ሆኖ የኖረው፣ ባዶ ሞሰብ ባለበት ቤት ውስጥ ስድብ ሆነ። ሬሳ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በየማለዳው ሲወጣ፣ ሙሾ አውራጁ አቅም አጣ፣ ደረት የሚመታ እጅ ዛለ፣ ተዝካር የሚያወጣ ጠፋ። ሳያለቅሱ መቅበር ለላስታ ሰው ከመራብ የማያንስ መከራ ነበር፤ ስለ ረኃብ የተጻፉት ብዙዎቹ ጽሑፎች ኩንታልና ቶን ሲቈጥሩ ይህን ሳይቈጥሩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ልመለስ። በ1924 ዓ.ም. ሃርቪ ኩሺንግ የተባለ አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ የሆነ፣ ሆዳቸው የተቈዘረ፣ እግርና እጃቸው ግን የቀጠነ ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ፣ መነሻው ከአንጎል ሥር በተንጠለጠለችው ፒቱታሪ በምትባል ዕጢ ላይ የሚበቅል እባጭ መሆኑን ገለጠ። በሀገራችን «ፊቷ ጨረቃ» ማለት ምስጋና ነው፤ የኩሺንግ ሕሙማን ግን በዚያ ክብ ፊት ሥር ብዙዎቹ በከባድ ትካዜ የሚማቅቁ ነበሩ። በሰኔ 1928፣ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በካናዳ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ በአንዲት አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች በብርድም ሆነ በቍስል ወይም በመርዝ ቢጨነቁ ሰውነታቸው በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚመልስ፣ በኩላሊት ላይ ያሉት ዕጢዎችም እንደሚያብጡ አስታወቀ። ከዕጢው የሚወጣውን ቅመም አጥንተው ያወቁት ኬንዳል፣ ራይኽሽታይንና ሄንች በ1943 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከእነዚህ ቅመሞች ዋናው ኮርቲሶል ይባላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሰው ሲጨነቅ በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ለፒቱታሪ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪም በደም በኩል የኩላሊቱን ጎረቤት ዕጢ ታዝዛለች፤ ዕጢውም ኮርቲሶልን ያፈልቃል። ኮርቲሶል ጡንቻን እየፈታ ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ለጊዜው ኀይል ይሰጣል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ተመልሶ «ይበቃል» ይላል፣ ምንጩም ይደርቃል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ጎሕ ሲቀድ ከፍ፣ በእኩለ ሌሊት ዝቅ ይላል። ሐኪሞች ይህን ቅመም የሚመስል ክኒን ማታ አስውጠው ጧት ደም ሲመረምሩ፣ በጤነኛው ሰው ዕጢው ዝም ብሎ ሲያድር፣ ከባድ ድባቴ ካለባቸው ሕሙማን በብዙዎቹ ግን «ይበቃል» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ሲሠራ እንደሚያድር አገኙ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣራ እያየ የሚያነጋው፣ እህል የሚያስጠላው፣ የሚከሳው ትካዜኛ ይህ ነው። የላስታ ሽማግሌ ጉርሻ የቀረበለትም ይኸው ሰው ነበር።

ረኃብ ብቻውን ትካዜን ማምጣት ይችል እንደ ሆነም ተፈትኗል። ከኅዳር 1937 እስከ ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪይስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ቀለብ አኖራቸው፤ ከሰውነታቸውም ክብደት ሩቡን ያህል አጡ። እነዚህ ሰዎች ጦርነትን በሕሊናቸው ምክንያት የተቃወሙ፣ ለሰው ልጅ ጥቅም ሲሉ የተራቡ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሳቃቸው ጠፋ፣ ወዳጅነት አስጠላቸው፣ ሌሊትና ቀን ምግብ ብቻ አሰቡ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ያነቡ ጀመር፣ ብዙዎቹም በትካዜ ወደቁ። ቀለባቸው በተመለሰ ጊዜም ልባቸው ከሆዳቸው ዘግይቶ ነው የተመለሰው። እንግዲህ በቆረም ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲሞት ዕንባ ያልወጣውን ገበሬ ልበ ደንዳና ያለ ጋዜጠኛ ካለ፣ ይህን ታሪክ ያላነበበ ነው።

ግማሽ መልስ ያልሁትን አሁን ልናገር። የድሮው ዓይናችን የከሳውን ሐዘንተኛ ያያል፤ የወፈረውን ግን አያይም። ድባቴ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ እንቅልፍና እህል የሚነሣ ሲሆን፣ ሌላው ብዙ የሚያስተኛ፣ እጅና እግርን እንደ እርሳስ የሚያከብድ፣ ሳይርብ የሚያስበላ ነው። ለረጅም ጊዜ የማያቋርጥ ጭንቀት ሥጋን ከክንድና ከባት ቀንሶ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ ያከማቻል፤ ኩሺንግ በሕሙማኑ ላይ ያየው፣ በቀለለ መጠን፣ በብዙ ጭንቀተኛ ሰው ላይ ይታያል። ደግሞ ለድባቴ ከሚሰጡት ከዱሮዎቹ መድኃኒቶች መካከል፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው ራሱ ያወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆላንድ ተመራማሪዎች በ58,745 ሰዎች ላይ የተደረጉ 15 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ ከልክ በላይ የወፈረ ሰው ወደ ፊት በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ካልወፈረው በመቶ 55 ከፍ እንደሚል፣ ድባቴ ያለበት ሰውም ወደ ፊት ከልክ በላይ የመወፈር ዕድሉ በመቶ 58 ከፍ እንደሚል አገኙ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ነው። በወልድያ ወይም በአዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ዘመዶቹ «ተመችቶሃል» የሚሉት ሰው፣ ከልቡ ሊያነባ ይችላል፤ ማንም ግን እዝን ይዞለት አይመጣም።

የ1977ቱም ነገር በ1977 አላበቃም። በ1937 ዓ.ም.፣ በኤውሮፓ የብርድ ወራት፣ ኪይስ ወጣቶቹን ባስራበበት በዚያው ጊዜ፣ ሆላንድን የያዘው የጀርመን ጦር ለከተሞች እህል እንዳይገባ ከለከለ፤ በዚያ ረኃብ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ የስኳር በሽታ፣ ውፍረትና የመንፈስ ደዌ ካልተራቡት ይልቅ በዝቶባቸው ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ከላስታ ደጋ በምሥራቅ በኩል ሲወርዱ ወደሚገኘው ወደ ራያ ቆቦ ወስደው፣ በታላቁ ረኃብ ጊዜ በማሕፀን ወይም በሕፃንነት የነበሩትን አዋቂዎች መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በማሕፀን ሳሉ ረኃቡ የደረሰባቸው ሰዎች የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የስብ መዛባት አንድ ላይ የሚታይበት ሁኔታ እንደሚበዛባቸው ገለጡ። የእንግዴ ልጁ የእናትን ኮርቲሶል እየሰበረ ከፅንሱ የሚከላከል ዘበኛ አለው፤ እናቲቱ ስትራብ ግን፣ በእንስሳት ላይ እንደ ታየው፣ ዘበኛው ይደክማል፤ ፅንሱም ከመወለዱ በፊት ጭንቅን ይማራል፣ ያገኘውንም ቅንጣት እንደ ስስታም ጎተራ በሆዱ ማከማቸት ይለምዳል። የዛሬው የላስታ ጎልማሳ የተከዘበት ወይም ሆዱ የሰፋበት ምክንያት ከፊሉ እናቱ ባልበላችው እንጀራ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ደዌ ሕክምናው ምን ነበር? በላስታ ጠበል ነበር፤ በሽተኛው ከማለዳ ጀምሮ ይጠመቃል፣ ጥሬና ቆሎ ይቆረጥማል፣ ከሰው ጋር ይውላል፤ ደብተራው ክታብ ይጽፍለታል። ዛር ነው የተባለ እንደ ሆነም ሌላ ደጃፍ አለ። ዘመናዊው ሕክምና ግን ሩቅ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመ ብቸኛው የሀገሪቱ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ከላስታ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ሰው ወይ ባለጠጋ ዘመድ ያለው፣ ወይ በገመድ የታሰረ ነበር። ጠበሉና ክኒኑ ይጣላሉ የሚል ክርክር አሁን አሁን ይሰማል፤ እኔ የማየው ጠብ የለም፤ ጠበልተኛውን መድኃኒትህን ጣል የሚለው አጥማቂና በሽተኛውን ጠበልህን ተው የሚለው ባለሙያ ግን ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ላሊበላ ከ1977 ወዲህም አላረፈችም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት እንግዳ ቀረ፤ አስጎብኚውም፣ ባለ ሆቴሉም፣ ለምእመን ጧፍ የሚሸጠውም ገበያ አጣ፤ በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በእነዚያ ወራት ያረገዙ እናቶች ልጆች ገና ትምህርት ቤት መግባታቸው ነው። የ1977ቱ ልጆች ግን አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የስኳርና የደም ግፊት ደዌ የሚገለጥበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል።

ስለዚህ በላስታና በመላው ሰሜን ወሎ በጤና ጣቢያ የምታገለግሉ ሐኪሞችና ነርሶች ሆይ፣ ሆዱ ገፍቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጥያቄያችሁን በአንድ ቃል እየመለሰ የሚቀመጥ ጎልማሳ ሲገባላችሁ፣ ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የት እንደ ተወለደና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተወለደ ጠይቁት፤ በ1977 ነው ካላችሁ ደግሞ እናቱ ያን ዓመት የት እንደ ነበረች ጨምራችሁ ጠይቁ።